ከአዳማ አዲስ አበባ ስንት ሚሊሰከንድ ነው?

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ግድም ይረዝማል። በመኪና አንድ ሰዓት ነው። ለብርሃን ግን ይህ ርቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በፋይበር ኬብል ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኬብሉ ተጠማዝዞ 100 ኪሎ ሜትር ቢሞላ እንኳ አንድ መልእክት ከአዳማ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሚሊሰከንድ ይበቃዋል፤ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ማለት ነው። በየመንገዱ የተቀመጡት መሣሪያዎች የየድርሻቸውን ጨምረውበት አምስት፣ ቢበዛ አሥር ቢደርስ ማንም ቅር አይለውም።

እንግዲህ በፋይበር መስመር የሚጠቀም የአዳማ ደንበኛ አዲስ አበባ ካለ ሰርቨር መልስ ለማግኘት 80 ወይም 150 ሚሊሰከንድ ከጠበቀ ጥፋቱ የርቀት ሊሆን አይችልም። ወይ አንድ ቦታ ላይ ሰልፍ ተይዟል፣ ወይ መልእክቱ መሄድ የሌለበት አገር ድረስ ሄዶ ተመልሷል፣ ወይ ችግሩ ከደንበኛው ግቢ ውስጥ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በመለካት ብቻ ነው። ለመለካት ደግሞ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። በየቢሮውና በየሆቴሉ ጥግ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ራውተር ይበቃል።

እየተደረገ ያለው ግን ይህ አይደለም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከወለንጪቲ እስከ መተሃራ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደንበኛ የሚሰማው መልስ ሁለት ቃል ነው። ባንክ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም»፤ ነዳጅ ማደያ ላይ «ኔትወርክ የለም»። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ወዲህ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲቀዳ ሲታዘዝ ይህ መልስ ከመሰላቸት አልፎ የሥራ ማቆሚያ ሆነ። የባጃጅ ሾፌሩ ገንዘቡ ከሂሳቡ ወጥቷል፤ የማረጋገጫ መልእክቱ ግን አልደረሰም፤ ቀጂው ደግሞ መልእክቱን ሳያይ አይቀዳም። ከኋላ ያለው ሰልፍ ይጮሃል። ያ መልእክት የት ነው የቆመው? የባንኩ ሰርቨር ላይ? የቴሌኮሙ መስመር ላይ? የማደያው ዋይፋይ ላይ? ወይስ መብራት ሄዶ አንዱ ማማ በባትሪ እየተንገዳገደ ነው? አራቱም የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፣ አራቱም የተለያየ ባለቤት አላቸው። «ኔትወርክ የለም» ግን አራቱን በአንድ ጆንያ ከትቶ ባለቤቶቹን ሁሉ ነጻ ያወጣል። ይህ መልስ እስካሁን የኖረው እውነት ስለሆነ አይደለም። ለሁሉም ስለሚመች ነው።

ኩባንያዎቹ ለሕዝብ የሚናገሩት ደግሞ ሜጋቢት ነው። «እስከ» የምትለዋ ቃል ከፊት ትቀድማለች፤ ከኋላዋ ትልቅ ቁጥር ይከተላል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አራተኛውን ትውልድ አስፋፍቶ በ2015 ዓ.ም. አምስተኛውን አዳማ አስገብቷል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ጀምሮ ብዙ ሳይቆይ አዳማ ደርሷል። ሥራው ትንሽ ነው የሚል የለም፤ ውድድሩም ጠቅሟል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚፎካከሩበት ሜዳ አንድ ነው፤ ስፋት። ስንት ከተማ ተሸፈነ፣ ስንት ሜጋቢት ተለቀቀ።

ስፋትና ፍጥነት አንድ አይደሉም። የፍጥነት መንገዱ ስድስት መስመር አለው፤ መውጫው ላይ የክፍያ ሰልፍ ካለ ግን ስድስቱም መስመር ማንንም ቶሎ ቤቱ አያደርስም። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ፊልም ለማውረድ የመንገዱ ስፋት ይጠቅማል፤ አንድ ጊዜ መፍሰስ ከጀመረ ይፈሳል። ለስልክ ጥሪ፣ ለቪዲዮ ስብሰባ፣ ለክፍያ፣ በኦንላይን ለሚሰጥ ፈተና የሚወስነው ግን ምልልሱ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ባለሙያዎች ሌተንሲ የሚሉት ይህንን ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለድምፅ ጥሪ ያስቀመጠው ምክር ግልጽ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ 150 ሚሊሰከንድ ድረስ ሰው አይረብሸውም፤ 400 ካለፈ ንግግሩ ንግግር አይሆንም፣ ሁለቱም ሰዎች እኩል ተናግረው እኩል ዝም ይላሉ። አዳማ ተቀምጦ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ወጣት የሚባረረው መስመሩ ስለጠበበ አይደለም። «ሄሎ፣ ይሰማል?» ሲል ስለሚውል ነው።

ምልልሱን መለኪያ መሣሪያው ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምርምር ማዕከል ውስጥ ሲሠራ አስቸጋሪ የኔትወርክ ብልሽት ገጠመውና ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ስሙን «ፒንግ» አለው፤ ሰርጓጅ መርከብ በውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ከሚሰማበት ዘዴ ወስዶ። ሥራው ቀላል ነው። ትንሽ መልእክት ይልካል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይመልሳል፣ ላኪው ጊዜውን ይቆጥራል። ደርሶ የመጣ ካለ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ፣ ያልመጣ ካለ ከመቶ ስንቱ እንደጠፋ ይናገራል። ዛሬ በየኮምፒውተሩና በየራውተሩ ውስጥ አለ። ለዚህ ፈቃድም ክፍያም አያስፈልግም።

ዋናው ጥያቄ ግን ፒንግ ማድረጉ ሳይሆን ከየት ሆኖ ማድረጉ ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ባቱ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንበል። እንግዶች ኢንተርኔቱ እንደሚንቀራፈፍ ይናገራሉ። የአዲስ አበባው ቴክኒሻን ላፕቶፑን ከፍቶ የባቱን ራውተር ፒንግ ያደርገዋል፤ ጥሩ ቁጥር ያያል፤ «ምንም የለበትም» ብሎ ይዘጋል። የለካው ግን ከራሱ ቢሮ እስከ ባቱ ያለውን መንገድ ነው፤ በዚያ ውስጥ የራሱ ዋይፋይም የራሱ መስመርም አለበት። የሆቴሉ እንግዳ የሚጓዝበትን መንገድ አልለካም። ማድረግ የነበረበት ወደ ባቱ ራውተር ገብቶ ራውተሩ ራሱ ፒንግ እንዲያደርግ ማዘዝ ነው። ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ይሄዳል፤ መለኪያው ግን ከባቱ ይነሳል። ቴክኒሻኑ ጅማ ይሁን ዱባይ ለውጥ የለውም፤ ሰዓቱን የሚይዘው ባቱ ያለው ራውተር ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አካል እ.ኤ.አ. በ2000 ከርቀት ሆኖ ራውተርን ፒንግ እንዲያደርግ የማዘዝን ሥርዓት ጽፎ አውጥቷል፤ በ2006 አድሶታል። ከትልልቆቹ የሲስኮ መሣሪያዎች አንስቶ በየካፌውና በየፔንሲዮኑ እስከሚታየው የላትቪያው ሚክሮቲክ ድረስ ይህን ያደርጋሉ። ሚክሮቲክ ላይ በየደቂቃው እየለካ መስመር ሲጠፋ ሰዓቱን የሚመዘግብ «ኔትዎች» የሚባል መሣሪያ አብሮ አለ። አብዛኛው ባለቤት መኖሩንም አያውቅም። ራውተሩን ገዝቶ፣ የዋይፋይ የይለፍ ቃል አስገብቶ፣ ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ረስቶታል።

አለካኩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ከላፕቶፕ ወደ ራሱ ራውተር፤ ይህ ግቢውን ይፈትሻል። ሁለት ሦስት ሚሊሰከንድ መሆን ሲገባው 50 ካለ ጥፋቱ የዋይፋይ ነው፣ ቴሌ ላይ መጮህ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ከራውተሩ ወደ መጀመሪያው የኩባንያው መግቢያ። ቀጥሎ ከራውተሩ አዲስ አበባ ወዳለ ሰርቨር። በመጨረሻ ከራውተሩ ወደ ውጭ አገር። ቁጥሩ በድንገት ዘሎ የሚወጣበት ቦታ የጥፋቱ ቦታ ነው። የውጭውን ለመፍረድ ደግሞ ካርታ ማየት ይበቃል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ ብርሃን ራሱ ደርሶ ለመመለስ 53 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ ኬብሉ በጅቡቲና በቀይ ባሕር ዞሮ ስለሚሄድ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ጀርመን ላለ ሰርቨር ከመቶ በላይ ማየት ቅሬታ አይደለም። በሞባይል መስመር ከሆነም ከስልኩ እስከ ማማው ያለው የሬዲዮ ክፍል ብቻውን 30 እና 40 ሚሊሰከንድ ሊወስድ ይችላል፤ ያንን ቀንሶ መፍረድ ነው።

አንድ ፒንግም መለኪያ አይደለም። የሲስኮ ራውተር ልማዱ አምስት መልእክት መላክ ነው፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ራውተሩ የጎረቤቱን አድራሻ ገና እየጠየቀ ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ «20 በመቶ ይጠፋል» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። መቶ ተልኮ፣ ጧትም ማታም ተልኮ፣ የመሐሉ ቁጥርና የከፋው ቁጥር ነው የሚታየው። ይልቁንም መስመሩ ሥራ ላይ እያለ። ሌሊት 9 ሰዓት ሁሉም ሲተኛ ጥሩ ቁጥር ማግኘት ጀግንነት አይደለም። አንዱ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሲጭን የሌላው ጥሪ የሚቆራረጠው ራውተሩ ወይም ሞደሙ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ስለሚፈጠር ነው፤ መልእክቱ ሳይጠፋ ተራ እየጠበቀ ያረጃል። ይህን በሽታ ተጨማሪ ሜጋቢት መግዛት አያድነውም። ሰልፉን በሥርዓት የሚያስተናግዱ ዘዴዎች ግን በነጻ አሉ፤ በብዙ ራውተር ላይ አንድ ቅንብር የማስተካከል ጉዳይ ናቸው።

በዚህ ነገር ደንበኛውም ንጹሕ አይደለም። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶች ሥልጠናና ግምገማ ዓመቱን ሙሉ ሆቴሎቿን ይሞላል። 200 ተሰብሳቢ በአንድ አዳራሽ፣ በሁለት ዋይፋይ ማሰራጫ ላይ፣ እያንዳንዱ ሁለት መሣሪያ ይዞ ይንጠለጠላል። ኢንተርኔቱ ይሞታል። መድረክ መሪው «የቴሌ ነገር!» ይላል፤ አዳራሹ ይስቃል። ከራውተሩ ላይ አንድ ፒንግ ቢደረግ እኮ መስመሩ ደህና ሆኖ አዳራሹ እንደታፈነ በግማሽ ደቂቃ ይታይ ነበር። ሆቴሉ ለምንጣፍና ለመጋረጃ የሚያወጣውን ሲሶ ለኔትወርክ ባለሙያ አያወጣም። ሌላም አለ። ራውተርን ከርቀት ለማዘዝ ሲባል የአስተዳደር በሩን ለመላው ዓለም ክፍት አድርጎ መተው የተለመደ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሚክሮቲክ ላይ በተገኘው ቀዳዳ በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ራውተሮች ተጠልፈዋል፤ ብዙዎቹ የተጠለፉት ማስተካከያው ከወጣ በኋላ ሳያድሱ የቀሩት ናቸው። መግባት የሚገባው በቪፒኤን ብቻ ነው፤ ወይም ራውተሩ ራሱ ውጤቱን ወደ ውጭ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። የራሱ ቋሚ የአይፒ አድራሻ ለሌለው ደንበኛ፣ ያም ብዙው ደንበኛ ነው፣ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል።

ደንበኛው ቤቱን አጽድቶ ሲጨርስ ግን ኳሱ ወደ ኩባንያዎቹ ሜዳ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ጨዋታው ይቆማል። ቅሬታ ሲመዘገብ የሚላክ ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ስልኩን አውጥቶ ስፒድ ቴስት መክፈት ነው። ስፒድ ቴስት ሲከፈት ቅርብ የሆነውን ሰርቨር ይመርጣል፤ ያ ሰርቨር በኩባንያው ኔትወርክ ውስጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ለጥቂት ሰከንድ ቧንቧውን ይሞላል፣ ትልቅ ቁጥር ያሳያል። «ይኸው 40 ሜጋ እየገባ ነው» ይባላል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ቅሬታው ይዘጋል። የቪዲዮ ስብሰባው ማታም ይቆራረጣል። ይህ ጉልበቱ ያመመውን ሰው ክብደቱን መዝኖ ጤነኛ ነህ ብሎ እንደመሸኘት ነው።

ኩባንያዎቹ የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ ከፊሉም ትክክል ነው። ፒንግ በራውተሮች ዘንድ ዝቅተኛ ቅድሚያ አለው፤ ሥራ የበዛበት ራውተር ሌላውን እያስተላለፈ ለፒንግ ዘግይቶ ሊመልስ ይችላል ይላሉ። እውነት ነው። ለዚያም ነው በመንገድ መሐል ያለን ራውተር ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያለ ሰርቨርን ዒላማ ማድረግ የሚገባው። ከፒንግ የረቀቀ ይሻላል ከተባለም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ የወጣ የመለኪያ ደረጃ አለ፤ የኩባንያ መሣሪያዎች የሚያውቁት ነው። ሁለተኛው መከራከሪያ ፋይበር በመንገድ ሥራ ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ መሣሪያ ይሰረቃል የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። ቀይ ባሕርም ውስጥ እንኳ ሳይቀር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ሦስት የባሕር ኬብሎች ተቆርጠው የብዙ አገር ትራፊክ መንገድ ለመቀየር ተገዷል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ለመለካት ምክንያት እንጂ ላለመለካት ሰበብ አይደሉም። ሞጆ አካባቢ ቆፋሪ ፋይበር ከቆረጠ ሰዓቱና የቆየበት ጊዜ ይመዝገብ፤ ኩባንያውን ከሐሜት የሚያድነው ያ መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ ለቆፋሪው ጥፋት የሚሰደበው ቴሌ ነው፣ ለቴሌ ጥፋት ሰበብ የሚሆነውም ቆፋሪው ነው።

ደግሞስ አይለኩም ማለት ማን አለ? ይለካሉ። ችግሩ የሚታወቀው ለእነሱ ብቻ መሆኑ ነው። ባንኮችም እንዲሁ። መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ የኔትወርክ ክፍሉ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የቅርንጫፎቹን ራውተሮች ሌት ተቀን ይከታተላል፤ አንዱ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ ቀይ ይበራል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የኔትወርክ ታሪክ ላይ በአገሪቱ ካሉት መዝገቦች ከምርጦቹ አንዱ በባንኮች ሰርቨር ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ግን «ሲስተም የለም» ከማለት ሌላ የምትለው አልተሰጣትም። ደንበኛውም የሚሰድበው እሷን ነው።

የተቆጣጣሪው ድርሻ እዚህ ይመጣል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ ውድድሩን መዳኘትና የአገልግሎት ጥራትን መከታተል። የጥራት መመሪያም አውጥቷል። መመሪያ ግን ከተማ በከተማ የተለካ ቁጥር ካልተከተለው ወረቀት ነው። «የኔትወርክ ጥራት ተሻሽሏል» የሚል አገር አቀፍ አማካይ ለመተሃራ ነጋዴ ምን ይነግረዋል? አማካይ ማለት የቦሌ ጥሩ ቁጥር የወለንጪቲን መጥፎ ቁጥር የሚሸፍንበት ብርድ ልብስ ነው።

ሌሎች ይህን ከጀመሩ ቆይተዋል። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሺዎች በሚቆጠሩ ፈቃደኛ ቤቶች ውስጥ ከራውተሩ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን አስቀምጦ ሌተንሲውን ያስለካል፤ ውጤቱን በኩባንያ ስም ለይቶ ያወጣል። ሕንድ ሀብታም ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ለብሮድባንድ ኩባንያዎቿ ቁጥር አስቀመጠች፤ ከደንበኛው መግቢያ እስከ ዓለም አቀፍ መውጫው ከ120 ሚሊሰከንድ በታች፣ ከዚያ እስከ ውጭው መገናኛ በኬብል ከ350 በታች፣ በሳተላይት ከ800 በታች። ቁጥሩ ለጋስ ነው፤ ዛሬ ይሳቅበት ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ቁጥር መሆኑ ነው፤ ያጎደለ ይጠየቃል።

የኬንያ ታሪክ ደግሞ ለአዳማ የበለጠ ይቀርባል። ናይሮቢ ውስጥ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ትራፊካቸውን እርስ በርስ የሚለዋወጡበት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ሲከፈት በጊዜው ብቸኛ የነበረው የመንግሥት ቴሌኮም አቤት ብሎ በሳምንታት ውስጥ አዘጋው። ከአንድ ዓመት በላይ ተከራክረው በ2002 እንደገና ከፈቱት። የኢንተርኔት ሶሳይቲ ከአሥር ዓመት በኋላ ባወጣው ጥናት መሠረት በአገር ውስጥ ይደረግ የነበረው ምልልስ ከ200–600 ሚሊሰከንድ ወደ 2–10 ወርዷል። ቀድሞ ከናይሮቢ ለናይሮቢ የተላከ መልእክት ውጭ አገር ደርሶ ይመለስ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የአዳማ ሰው በአንዱ ኩባንያ ፋይበር፣ ጎረቤቱ በሌላው ኩባንያ መስመር ሆነው ሲነጋገሩ መልእክቱ በየት በኩል ይሄዳል? ለዚህ መግለጫ አያስፈልግም፤ ከአንዱ ራውተር ወደ ሌላው ፒንግ ማድረግ ነው። የሬዲዮው ድርሻ ተቀንሶ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ደጋግሞ ካሳየ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከባድ ሰልፍ አለ፣ ወይ መልእክቱ ፓስፖርት ይዞ ወጥቶ ተመልሷል። የትኛው እንደሆነ መንገዱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው ትሬስራውት የሚባለው የፒንግ ወንድም ይናገራል።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ይህ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ ዓለም የሰማው ከውጭ ሆነው በሚለኩ ድርጅቶች ነው። የኢንተርኔት መቋረጥን ከሚከታተሉት መካከል አዮዳ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮጀክት የየአገሩን አድራሻዎች በየጊዜው ፒንግ እያደረገ የሚመልሱትን ይቆጥራል፤ ድንገት መመለስ ሲያቆሙ ግራፉ ይወድቃል። የአዳማን መስመር መኖርና አለመኖር አሜሪካ ያለ ተማሪ በግራፍ ያያል፤ አዳማ ያለ ነጋዴ ግን የከተማውን የትናንት ማታ ሌተንሲ የሚያይበት አንድ ገጽ የለውም።

መሠራት ያለበት የማይጨበጥ ነገር አይደለም። ባለሥልጣኑ በየከተማው ጥቂት የመለኪያ ራውተሮች ያስቀምጥ፤ በኩባንያው ማማ ሥር ሳይሆን ደንበኛው በሚገዛው ተራ መስመር ላይ። ዒላማቸው አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ አንድ ሰርቨር በእያንዳንዱ ኩባንያ ውስጥ፣ አንድ ገለልተኛ ቦታ አዲስ አበባ፣ አንድ ናይሮቢ፣ አንድ አውሮፓ። በየአምስት ደቂቃው ይለኩ። የሚታተመው አማካይ ብቻ ሳይሆን ከመቶው የከፉት አምስቱም ይሁኑ፤ ሰው የሚናደደው በእነዚያ አምስቱ ነውና። ቦታ ከተፈለገ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አሰላ ላይ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ፍለጋ የሚንከራተቱባቸው ክፍሎች አሏቸው። ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣም አማራጭ አለው። ራይፕ አትላስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ የአውሮፓ ፕሮጀክት ራውተር ላይ የምትሰካ ትንሽ መለኪያ ለፈቃደኞች በነጻ ይሰጣል፤ ውጤቷ ለማንም ክፍት ነው። ለዚህ የማንም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አያስፈልግም።

ኩባንያዎቹ ቀድመው ቢያደርጉት ደግሞ ይሻላቸው ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሸጦ ከ47 ሺህ በላይ ባለቤቶች አግኝቷል። ከነዚህ አንዱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጁን አውጥቶ «ባለፈው ዓመት ከሻሸመኔ አዲስ አበባ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስንት ሚሊሰከንድ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የትርፍ ጥያቄ ነው፤ ደንበኛ የሚሸሸው በዚያ ቁጥር ነውና። ሳፋሪኮምም «ጥራት» የሚለውን ቃል በየማስታወቂያው ከመለጠፍ ይልቅ ያንኑ ሰንጠረዥ ከተማ በከተማ ቢያወጣ ተፎካካሪውን በአንድ ሌሊት ያስገድደዋል።

እስከዚያው ግን የአዳማ ካፌ ባለቤት፣ የባቱ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ቢሮ የከፈተ የጉምሩክ አስተላላፊ ዛሬ ማታ የሚጀምሩት ሥራ አለ። ራውተሩን ያድሱት፤ የአስተዳደር በሩን ይዝጉት፤ ለአንድ ወር በየደቂቃው ወደ ሦስት ዒላማ ፒንግ እያደረገ እንዲመዘግብ ይዘዙት። ቀጥሎ ቅሬታ ሲያስገቡ «ኔትወርኩ አስቸገረን» ብለው አይጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከኩባንያው መግቢያ የተገኘውን ቁጥር፣ ከአዲስ አበባው የተገኘውን ቁጥር፣ የጠፋውን መቶኛ ይጻፉበት፤ ግልባጩን ለባለሥልጣኑ ይላኩ። ቴክኒሻኑ ስልኩን አውጥቶ ስፒድ ቴስት ሊከፍት ሲል የወሩን መዝገብ ያሳዩትና በዚያ ላይ መልስ እንዲጽፍበት ይጠይቁት።